ገበያው ጅዳ ሲሆን፦ ልጅ ይዞ የቀረ አባት ታሪክ

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳል» ይላሉ አበው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ትንሹን ችግር እንደ ትልቅ ቆጥሮ የሚያማርርን ሰው ለመውቀስ ነው። እኔ ግን ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ልጁ ሲያለቅስ አባቱ የት ነበር?

ተረቱ አይነግረንም። እርሻ ላይ ይሆናል፣ ሸንጎ ላይ ይሆናል፣ ብቻ ቤት የለም። ባይኖርም ተረቱን የሚያፈርሰው ነገር የለም፤ ምክንያቱም እናት ገበያ ውላ ማታ ትመለሳለች። ገበያው ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ኩዌት ሲሆን ግን ያ «ማታ» ሁለት ዓመት ይሆናል። አንዳንዴ አምስት ዓመት ይሆናል። ያን ጊዜ የአባትየው ነገር ሊታለፍ አይችልም።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት የታናሽ እህቴ ባል ደወለልኝ። እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ነው። ሥልጠናዋን ጨርሳለች፣ የጤና ምርመራ አልፋለች፣ አሻራ ሰጥታለች፣ ውሉን ፈርማለች። የአራትና የሁለት ዓመት ልጆች አሏቸው። «ጋሼ» አለኝ፤ «እሷን ያልጠየቋት ነገር የለም። እኔን ግን አንድ ሰው እንኳ አንድ ነገር አልጠየቀኝም። ትንሿ ሌሊት ተነሥታ እናቷን ስትጠራ ምን እንደማደርግ የሚነግረኝ ሰው የለም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ይህ ሰው ለብቻው የገጠመው ነገር መስሎታል። አይደለም። በአገራችን ቢያንስ የሠላሳ ዓመት ታሪክ አለው። ታሪኩን ግን ማንም አልጻፈውም፤ ምክንያቱም ወንድ ልጅ ሲያሳድግ ታሪክ ሠራ አይባልም።

*ድሮ የሚሄደው ማን ነበር?*

በእኛ አገር ከቤት ወጥቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ወንድ ነበር። ክተት ሲታወጅ ወንዱ ይዘምታል። በርግጥ ሴቶችም ስንቅ ተሸክመው፣ አብስለው፣ ቁስለኛ አንሥተው ዘምተዋል፤ አድዋም ማይጨውም ያለ እነሱ አይታሰቡም። ነገር ግን ሕፃን የያዘችው እናት ቤት ትቀራለች፤ ቤቱም በእሷ ይቆማል።

ጦርነቱ ሲያልፍ ደግሞ ሥራ ፍለጋው መጣ። የጉራጌው ወንድ አዲስ አበባ ገብቶ ሲነግድና ሲለፋ፣ ሚስቱ አገር ቤት እንሰቱን እየተከለችና እየፋቀች ልጆቹን አሳድጋለች። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሁመራ፣ ጥጥ ለመልቀም ወደ አዋሽ፣ ቡና ለመልቀም ወደ ደቡብና ምዕራብ የወረደው ሠራተኛ በብዛት ወንድ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን «ባልሽ የት ነው?» ተብላ የተጠየቀች ሴት «ሥራ ሄዷል» ትላለች፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። «ልጆቹን ማን ይዟቸዋል?» የሚላት የለም። መልሱ የታወቀ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ያደገ ወንድ ስለ ጓዳ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳይገባ። ምጣድ አጠገብ የታየ ልጅ «ሴታ ሴት» ተብሎ ይሰደባል። ሕፃን አዝሎ መንገድ የወጣ ወንድ መሣቂያ ይሆናል። ይህን የምለው አባቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም። በኋላ የመጣባቸው ነገር ምን ያህል ሳይዘጋጁ እንዳገኛቸው ለማሳየት ነው።

*ሕጉስ አባትን ምን ይለው ነበር?*

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቤተሰብ ጉዳይ ግልጽ ነበር። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገዋል። ባል ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤት ውስጥ ሥራውን የምትሠራው ሚስት ናት ይላል። ትዳር ሲፈርስ ደግሞ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ለእናታቸው ይሰጡ ነበር።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ አንብቧቸው። ሕጉ ለአባት ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ሕፃን የመያዝ ችሎታ ግን አለው ብሎ አያምንም። ያዛል እንጂ አያጥብም፤ ይወስናል እንጂ አያበላም።

ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ባል ራስ መሆኑ ቀረ። ቤተሰቡን ሁለቱ በጋራ ይመራሉ፤ የልጆቻቸውም አሳዳሪና ሞግዚት ሁለቱም ናቸው ተባለ። በፍቺ ጊዜ ልጁ ለማን ይሰጥ የሚለውም የልጁን ጥቅምና ዕድሜ፣ የወላጆቹን ሁኔታ አይቶ ፍርድ ቤት እንዲወስን ሆነ። የአምስት ዓመቱ መስመር ተሰረዘ።

በወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ሕጉ ያወጀውን እኩልነት ብዙ አባቶች በተግባር የቀመሱት ፍርድ ቤት ሄደው ሳይሆን፣ ሚስታቸውን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝተው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።

*በሩ ሲከፈት*

በደርግ ዘመን ከአገር መውጣት ቀላል አልነበረም፤ የመውጫ ቪዛ የሚባል ነገር ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ ጥብቅ በር ላላ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደነገገ።

በሌላው ወገን ደግሞ ፍላጎቱ ይጠብቅ ነበር። ሊባኖስ ከአሥራ አምስት ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ወጥታ ቤቷን እንደገና ስትሠራ፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የውጭ አገር ሠራተኛ ይፈልግ ጀመር። ከስሪላንካና ከፊሊፒንስ ሴቶች ቀጥሎ የእኛዎቹ ገቡ። ሳዑዲም በሐጅና በዑምራ መንገድ ጭምር ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ብዙ ሴቶችን ሳበች።

እዚህ ላይ ታሪኩ የዞረበትን ነጥብ ልብ በሉ። ገበያው የፈለገው ወንድን አልነበረም፤ ሴትን ነበር። ወፍጮ ቤት፣ ፋብሪካና ጎዳና ላይ ሥራ ያጣው ባል ፓስፖርት ቢያወጣ የሚፈልገው የለም። ሚስቱን ግን በወራት ውስጥ ይወስዷታል። ስለዚህ በብዙ ድሃ ቤቶች ውስጥ ውሳኔው «ማን ይሂድ?» አልነበረም። «ትሂድ ወይስ ትቅር?» ነበር።

የሄደችበት ሥርዓት ደግሞ ከፋላ ይባላል። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። አሠሪዋን ትታ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷን ብዙ ጊዜ አሠሪው ይይዘዋል። ልጄ ታመመ ብላ ልምጣ ብትል የሚፈቅድላት ወይም የሚከለክላት ያው አሠሪ ነው። ይህን የምናውቀው ስለ እሷ ስናስብ ብቻ ነው። ነገር ግን ከፋላ አገር ቤት ያለውን አባትም ያስረዋል። ልጁ ሆስፒታል ሲገባ እናቱን ሊጠራት አይችልም። ደውሎ የሚያለቅስበት ሰዓት እንኳ በሌላ ቤት እመቤት ፈቃድ ነው።

*በእኛ ቤት*

እናቴ ወደ ቤይሩት የሄደችው በ1989 ዓ.ም. ነው። የምንኖረው ደሴ ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ ወንድሜ አራት፣ ይቺ ዛሬ የምትሄደው እህቴ ደግሞ ገና ዓመት ተኩል። ጡት የጣለችው እናቴ ልትሄድ አንድ ወር ሲቀራት ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰው ቤት በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነበረው። እናቴ ከሄደች በኋላ ሦስታችንንም ይዞን ይወጣል። እህቴን ከማሽኑ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፎ ያስቀምጣታል። ጧት ጧት የጦሳ ብርድ አጥንት ስለሚሰብር በሰው ሱሪ ጨርቅ ትርፍ ካፖርት ሰፍቶላት ነበር።

እንጀራ መጋገር አይችልም፤ ከጎረቤት እትዬ በሳምንት ሁለት ቀን ይገዛል። ሹሮ ግን ለመደ። መጀመሪያ ያቀጥነው ነበር፣ በኋላ ተስተካከለ። ጎረቤት እንዳያየው መጀመሪያ ሰሞን ጓዳውን ዘግቶ ነበር የሚሠራው። ጢሱ ሲያፍነን ከፈተው። ከዚያ በኋላ ዘግቶ አያውቅም። የእህቴን ጸጉር መሥራት ስላልቻለ በየወሩ ይላጫታል። ሰዎች «ይህ ወንድ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» ሲሉት «ሁለት» ይላቸዋል እንጂ አያርማቸውም።

ከእናቴ የሚመጣው ነገር ሁለት ነበር፤ ገንዘብና ካሴት። ያን ጊዜ ሰው ቤት ስልክ እንደ ልብ አልነበረም። ከቤይሩት የምትመጣ ሴት በሻንጣዋ የጎረቤቶቿን ሁሉ ካሴት ይዛ ትመጣለች። ደብዳቤ ማንበብ ለማይችለውም ይሆናል፤ ድምፅም አለው። አባቴ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ይከፍታል፤ እኛ እንከባለን። እህቴ ከቴፑ ጀርባ ሄዳ ትፈልጋለች። እናቴ በየካሴቱ ለእያንዳንዳችን በስም ትናገራለች፤ ከዚያ «ጋሼን አታስቸግሩ» ትለናለች። በካሴቱ ሌላ ጎን እኛ እንድንናገርበትና እንድንልከው ነበር የተባለው። አባቴ ግን የእሷን ድምፅ ያለበትን አይልክም፤ አዲስ ገዝቶ ይቀዳል። ካሴቶቹ ዛሬም አሉ።

ሰፈሩ ዝም አላለውም። «ሚስቱን አረብ አገር ልኮ ተቀምጦ ይበላል» ይሉ ነበር። ሰውየው ከማሽኑ ላይ ተነሥቶ አያውቅም፤ ግን ይህን ለማንም አላስረዳም። ያደረገው ነገር አንድ ደብተር መያዝ ነው። ከእናቴ የመጣው እያንዳንዱ ብር በየትኛው ቀን ለምን እንደወጣ ጽፎታል። ለትምህርት ቤት መዋጮ፣ ለወንድሜ መድኃኒት፣ ለቆርቆሮ። ለራሱ የወጣ ሳንቲም የለበትም። እናቴ ስትመለስ መጀመሪያ የሰጣት ያንን ደብተር ነው። አልጠየቀችውም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ተመለሰች። ሁላችንም ቤት ጠበቅናት። እህቴ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነበር። እናቴ እጇን ስትዘረጋ እህቴ አባቴ ጀርባ ገባች። ከዚያም ቀስ ብላ ወጥታ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ» አለቻት። በአንቱታ። እናቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ እኔ በሕይወቴ ሁለተኛ አልሰማሁም።

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ «አባዬ ራበኝ» ስትለው «እናትሽን ጠይቂ» ይላት ጀመር። እኔ ያኔ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በአምስት ዓመት ያገኘውን ቦታ በፈቃዱ ለቀቀላት። የሚያሳድግ አባት ሆኖ ሲኖር ማንም አላጨበጨበለትም፤ ቦታውን ሲለቅም ማንም አላየውም።

*ሁሉም እንደዚያ አልነበረም*

ይህን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ «የኛስ ጎረቤት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ። የሚስቱን የላብ ዋጋ በመጠጥ የጨረሰ፣ በላከችው ገንዘብ ሌላ ሴት ያገባ፣ ልጆቹን አያት ላይ ጥሎ የጠፋ ወንድ በየሰፈሩ ነበር፤ አለም። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ትልቋ ልጅ ናት። እናት ስትሄድ አባት ጓዳ አልገባ ሲል፣ የአሥር ዓመቷ ልጅ ትምህርቷን ትታ እናት ትሆናለች።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፊሊፒንስ ከእ.ኤ.አ. 1974 የሠራተኛ ሕጓ ጀምሮ ዜጎቿን በመንግሥት ደረጃ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። የማኅበረሰብ ተመራማሪዋ ራሴል ፓሬኛስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ የእነዚህን ቤተሰቦች ልጆች አጥንታለች። ያገኘችው ነገር ለእኛም የሚታወቅ ነው፦ እናት ስትሄድ ሥራው ወደ አባት ከመዞር ይልቅ ብዙ ጊዜ ወደ አክስት፣ ወደ አያትና ወደ ትልቋ ልጅ ይዞራል። እናትየዋም ከባሕር ማዶ ሆና በስልክ ማሳደጓን አትተውም።

አርሊ ሆክሺልድ የተባለችው አሜሪካዊት ምሁር ደግሞ ነገሩን «የእንክብካቤ ሰንሰለት» ትለዋለች። ሀብታሟ እናት ለሥራ ስትወጣ ልጇን የምታሳድግላት የድሃ አገር እናት ናት፤ የዚያችን ልጅ ደግሞ ከእሷ የባሰች ድሃ ወይም ትንሽ ልጅ ታሳድጋለች። ሰንሰለቱ ከሴት ወደ ሴት ይወርዳል። ወንዱ ቀለበት ሆኖ የገባበት ቦታ ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው የአባቴን ዓይነት ሰው ታሪክ የምፈልገው። ለማሞገስ አይደለም። ሰንሰለቱ የግድ በአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ማለቅ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ ስለሆነ ነው። ሹሮ መሥራት አይችልም ነበር፤ ቻለ። ጉዳዩ የተፈጥሮ አይደለም፤ ተምሮ የሚለመድ ነው።

*መንግሥታት ያዩት አንድ ወላጅ ብቻ*

ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ መመሪያ አወጣች። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላት እናት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ውጭ እንዳትሄድ ከለከለች፤ ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች ያሏት ደግሞ የቤተሰብ ሁኔታ ሪፖርት እንድታቀርብ ታዘዘች። ሐሳቡ ልጆችን መጠበቅ ነው። ግን ሕፃን ልጅ ያለው አባት ሲሄድ እንዲህ ያለ ሪፖርት አይጠየቅም ነበር። እናቶቹም ችግሩ ስላልለቀቃቸው ብዙዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ ሄዱ። የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲብስ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ገደቡ ላላ። ያቺ «አምስት ዓመት» የምትባል ቁጥር በእኛም በ1952ቱ ሕግ ውስጥ እንደነበረች አስታውሱ። ሁለት የተራራቁ አገሮች አንድ ዓይነት ነገር አሰቡ፦ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እናት ከሌለችው ማንም የለውም።

የእኛ አገር መንገድ ደግሞ የእገዳና የፈቃድ ነው። በ1990 ዓ.ም. የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች አዋጅ ቁጥር 104 ወጣ። በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። በ2004 ዓ.ም. አንዲት የሁለት ልጆች እናት ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ በግድ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ሁላችንም ለእሷ አለቀስን። አገር ቤት ልጆቹን ይዞ ዜናውን ስለሰማው ሰው ግን ስንቶቻችን አሰብን?

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ተመለሱ። መንግሥት ከዚያው ጥቅምት ጀምሮ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። እገዳው ድህነቱን አላገደውም፤ በጂቡቲና በየመን የሚያልፈው መንገድ ግን በሰው ተሞላ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 መጣ፦ ቢያንስ 18 ዓመት፣ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የሁለትዮሽ ስምምነት ካለበት አገር ጋር ብቻ። በጥር 2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ፤ በ2013 ዓ.ም. አዋጁ በቁጥር 1246 ተሻሻለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ሲጥሏቸው አየን። ከዚያም ወደ ሳዑዲ በሕጋዊ መንገድ ሴቶችን በብዛት የመላኩ ሥራ እንደገና ተጀመረ። እህቴም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ይህን ሁሉ አዋጅ ቅደም ተከተሉን ይዛችሁ ስትመለከቱ አንድ ነገር ታያላችሁ። ስለ ኤጀንሲው አለ። ስለ ዋስትና ገንዘብ አለ። ስለ ሥልጠና አለ። ስለ አሠሪው አለ። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ እንዲያውም የሴቶችን ሕይወት ያተርፋሉ። ነገር ግን ሴትዮዋ ከቤት ስትወጣ ቤቱ የሚቆምበት ምሰሶ እንደሚንቀሳቀስ የሚያስብ ሰው በመካከሉ አልነበረም።

ሌላው የአገር አሠራርም እንዲሁ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት የወሊድ ፈቃድ በድምሩ 120 ቀናት ይሰጣል፤ ለአባት 3 ተከታታይ ቀናት። ሦስት ቀን! የእናትየው 120 ቀን በዛ ማለቴ አይደለም፤ አነሰ እንጂ አልበዛም። ግን በሦስት ቀን ልጅ መያዝ የሚማር ሰው የለም። ገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያተረፈ ሥራ ሠርተዋል። ስለ ክትባቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ተቅማጡ የሚያናግሩት ግን በብዛት እናቲቱን ነው። እናቲቱ ጅዳ ብትሆንስ? አባቴ እህቴን ለክትባት ሲወስዳት ከሴቶች ሰልፍ መጨረሻ ተሸማቆ እንደሚቆም አስታውሳለሁ። «እናቷ የት ናት?» ይሉታል። «ሥራ ሄዳለች» ይላል። ለእሱ ነገሩ በዚያ አያበቃም ነበር፤ ሁሉም ዞሮ ያየዋል።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

አንዳንዱ «መፍትሔው ሴቶች አይሂዱ ነው» ይላል። እኔ አልልም። ከቤተሰቡ ጋር ተመካክራ፣ ሕጋዊ መንገድ ይዛ ሠርታ ቤቷን ለማቆም የምትሄድን ሴት «ልጆችሽን ጥለሽ» ማለት ነውር ነው። ለመቶ ዓመት ልጆቹን ትቶ ሥራ የሄደውን ወንድ «ጥለህ» አላልነውም። እኔም እናቴ ባትሄድ ኖሮ ትምህርቴን አልጨርስም ነበር፤ ይህን ጽሑፍም አልጽፍም።

ነገር ግን ጥቂት ነገሮች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊደረጉ ይችላሉ።

1ኛ. ለምትሄደው ሴት ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ሥልጠና ለሚቀረው አባትም ይሰጥ። ግማሽ ቀን ይበቃል። የልጅ ምግብ፣ ክትባት፣ ትኩሳት፣ የገንዘብ አያያዝ፣ ከእናትየዋ ጋር በስንት ቀን እንዴት እንደሚገናኙ።

2ኛ. ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም አይቀመጥ። በጋራ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይከፈት፤ ደብተርም ይያዝ። ደብተር አለመተማመን አይደለም። የአባቴ ደብተር ትዳሩን ከሐሜት አድኖታል።

3ኛ. ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር መምህራን ይከታተሉ። እናቷ ውጭ የሄደች ልጅ ማርፈድ ስትጀምር ምክንያቱ ይጠየቅ።

4ኛ. የጤና ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ ትምህርት ቤቶች «እናቱን ጥሪ» ከማለታቸው በፊት «ማን ነው የሚያሳድገው?» ብለው ይጠይቁ።

5ኛ. ይህኛው የእኛ የሁላችን ነው። ልጅ አዝሎ የሚያልፍ ወንድ ስናይ አንሣቅ። አንዱ ወንድ ሥራውን ትቶ ልጁን አያት ላይ የሚጥለው ከስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከእኛ አፍ ፈርቶም ነው።

*ለእህቴ ባል የነገርኩት*

ትናንት መልሼ ደወልኩለት። ከላይ የጻፍኩትን ታሪክ አልነገርኩትም፤ አዋጅና ቁጥር ሌሊት የምታለቅስ ልጅ አያባብልም። ያልኩት ይህን ነው፦

«የጓዳውን በር አትዝጋ። ሹሮው ቢቀጥንም ይበላል። ልጆቹ እናታቸውን በቪዲዮ ሲያዩ አንተ አጠገባቸው ሁን፤ ስልኩን ሰጥተሃቸው አትውጣ። ስሟን በየቀኑ ጥራላቸው። አንድ ቀን ስትመጣ 'እትዬ' እንዳይሏት።»

ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ አባባ ያን ጊዜ ትንሿ ሌሊት ስትነሣ ምን ያደርጉ ነበር?» አለኝ።

እኔ ተኝቼ ስለነበር አላውቅም። አባቴን ጠየቅኩት። ዕድሜው ሰባውን አልፏል፤ ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። «ምን አደርጋለሁ? አነሣትና እስክትተኛ አብሬያት እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ካሴቱን እከፍትላት ነበር» አለኝ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ «እሷ ሳትተኛ እኔ እተኛ ነበር እንጂ» ብሎ ሣቀ።

ይህን መልስ ለእህቴ ባል ላክሁለት። እናንተም መካከል ዛሬ ማታ ተራው የደረሰው አባት ካለ ይድረሰው።

ቸር ያሰንብተን።